ብይዋ ካልደረሰች ቤቱ ይታመሳል

ጤና ይስጥልኝ የዓምዱ አዘጋጆች፤

የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ትልቁ ልጄ 9 ዓመቱ ነው፣ ሴቷ 6፣ ትንሹ ገና 2 ሊሞላው ነው። ለትልቁ ልደት «ግራቪቲ ሜዝ» የሚሉትን የብይ እንቆቅልሽ ገዛሁለት፤ ዓይኑን ከታብሌት ላይ እንዲነቅል ብዬ ነው። ለማያውቀው ሰው፣ ካርዱ ላይ እንደተሣለው ማማዎቹን ሰሌዳው ላይ ታቆማላችሁ፣ የጎደሉትን ራሳችሁ ቦታ ፈልጋችሁ ትጨምራላችሁ፣ ከዚያ የብረቷን ብይ ከላይ ትለቅቃላችሁ። እየተንከባለለች ወርዳ ቀይዋ ማማ ውስጥ ከገባች ተፈታ ማለት ነው።

የመጀመሪያዎቹን 15 ካርዶች በሁለት ቀን ጨረሳቸው። ደስ ብሎኝ «ይሄ ልጅ መሐንዲስ ነው» ብዬ ለእህቴ ደወልኩላት። ካርድ 19 ላይ ሲደርስ ግን ነገሩ ተበላሸ። ብይዋ መንገድ ላይ ስትቀር ወይም ከሰሌዳው ውጪ ስትወድቅ ማማዎቹን በክንዱ ጠራርጎ ይጥላቸዋል። «እኔ ደደብ ነኝ» እያለ ያለቅሳል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ካርዱን ገልብጦ ከጀርባው ያለውን መልስ ሲያይ ያዝኩት። ስጠይቀው «አላየሁም» ብሎ ዋሸኝ። ከሁሉም ያንገበገበኝ ውሸቱ ነው።

ባለቤቴ ከሥራ ሲመጣ ፊት ለፊቱ ይቀመጥና ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ «ቆይ አምጣው» ብሎ ማማውን ከእጁ ይወስደዋል። ይፈታለታል፤ ልጁ ግን ፊቱን አዙሮ ይሄዳል። «አንተ ነህ እኮ የፈታኸው» ስለው «ጨዋታ ነው፣ ምን ታካብጃለሽ» ይለኛል። በዚህ ነገር ሁለት ጊዜ ተኮራርፈን አድረናል። ከአገር ቤት የመጡት አማቴ በበኩላቸው «በገንዘባችሁ ለቅሶ ገዛችሁ» ይላሉ።

ካርቶኑን ቁም ሣጥን ላይ ልደብቀው? ወይስ እስኪለምደው ድረስ ልግፋው? ወይስ የልጄ ጭንቅላት እንዲህ ላለ ነገር አይሆንም?

ግራ የገባት እናት


እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር፤ የከበደሽ እሱ ይመስላልና። 15 ካርድ በሁለት ቀን የፈታ ልጅ ጭንቅላቱ ለዚህ ነገር በደንብ ይሆናል። ካርቶኑ ውስጥ 60 ካርዶች አሉ፣ በአራት ደረጃ ተከፍለው። ልጅሽ የቆመው ሁለተኛው ደረጃ እንደተጀመረ ነው። ያ ቦታ ደግሞ ብዙ ልጅ የሚቆምበት ነው። ምክንያቱን በቁጥር ባሳይሽ ይሻላል።

ሰሌዳው 4 በ4 ነው፣ 16 ቤት። 10 ቤት ባዶ ቢሆንና የሚጨመረው አንድ ማማ ብቻ ቢሆን፣ ማማዋ በእያንዳንዱ ቤት ላይ በአራት አቅጣጫ ልትዞር ስለምትችል ያለው ምርጫ 40 ነው። እዚህ ላይ ልጅ እያዞረ፣ እየሞከረ ያገኛታል። ሁለት ማማ ሲሆን 40 በ36 ይባዛል፤ 1,440። ሦስት ሲሆን 46,080። አንዱን ለመሞከር ግማሽ ደቂቃ ቢፈጅ እንኳ ያለ እንቅልፍ 16 ቀን ይወስዳል። ማማ በማማ ላይ የሚደረብባቸውን ካርዶች እዚህ ውስጥ አልቆጠርኩም።

እንግዲህ ልጅሽን እስከ 15 ያደረሰችው «እስቲ ይህን ልሞክር» የምትለው ዘዴ 19 ላይ አለቀችበት። ዘዴ እንደሚያልቅ የነገረው ሰው የለም። ስለዚህ ያለቀው የራሱ ጭንቅላት መሰለው። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ አትቀየሚኝ። ለእህትሽ ስትደውዪ ልጁ አጠገብሽ ነበር? «መሐንዲስ ነው» ሲባል ከሰማ፣ ከዚያ በኋላ የሚወድቅ ብይ ሁሉ ያንን ስም የሚነጥቀው ይመስለዋል። ጥፋት ሠራሽ እያልኩ አይደለም፤ የትኛዋ እናት አትደውልም? ከእንግዲህ ስለ እሱ ከማውራት ስለ ሥራው ማውራቱ ይቀላል፤ «ያቺን ማማ ለምን እዚያ አቆምካት?» ዓይነት።

አሁን ወደ ጠረጴዛው። ብይዋ ስትቀር ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነው የምትቀረው ወይስ አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ? ይህን ካላያችሁ ዛሬ ማታ እዩት፤ ቀሪው ሁሉ በእሱ ይወሰናል። በዚህ ጨዋታ ሁለት ዓይነት መሳሳት አለ። አንዱ የአሳብ ነው፤ ማማዋ የቆመችው በተሳሳተ ቤት ነው ወይም ዞራለች። ሌላው የእጅና የዕቃ ነው፤ አሳቡ ልክ ነው፣ ብይዋ ግን ተሰናከለች። ልጁ ሁለቱን መለየት ካልቻለ ትክክለኛ መልሱን በገዛ እጁ አፍርሶ የተሳሳተውን ፍለጋ ይሄዳል። እንባው የሚመጣውም ከዚህ ነው፤ ልክ ሠርቶ «ተሳስተሃል» የተባለ ሰው እንባ።

ስለዚህ ደንቡ ይህ ይሁን፤ ምንም ነገር ሳይነካ ብይዋ ሦስት ጊዜ ትለቀቅ። ሦስቱንም ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ከቀረች ስህተቱ ብዙውን ጊዜ የአሳብ ነው፤ ያቺን ቦታ ማየት ነው። አንዴ ደርሳ ሁለቴ ከቀረች ወይም በየጊዜው ቦታ ከቀያየረች ማንም ማማ ከቦታው እንዳይነሣ፤ ችግሩ ያለው ዕቃው ላይ ነው።

የዕቃው ችግር ብዙ አይደለም። ብዙውን ጊዜ አንዷ ማማ ቤቷ ውስጥ ሙሉ በሙሉ አልተቀመጠችም፤ በአንድ ጥግ ትንሽ ከፍ ብላለች። ያኔ መውጫዋና የጎረቤቷ መግቢያ አይገጥሙም፣ ብይዋም ከንፈሩ ላይ ትቆማለች። እያንዳንዷን በጣት ከላይ ጫን ማድረግ ነው። ሁለተኛው ጠረጴዛው ነው። ሰሌዳውን አንሥታችሁ ብይዋን ባዶው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጧት፤ በራሷ መንከባለል ከጀመረች ጠረጴዛው አዘንብሏል፤ ከእግሩ ሥር ወረቀት አጣጥፋችሁ አስገቡ። ሦስተኛው አጣጣሉ ነው። በቁጣ ከላይ የተወረወረች ብይ ነጥራ ትወጣለች። መነሻዋ ማማ አፍ ላይ አድርጎ ጣትን መልቀቅ ብቻ ነው፤ መግፋት የለም። አራተኛው ጭማቂና ስኳር የነካው የልጅ እጅ ነው፤ የተጣበቀበት ማማ ውስጥ ብይ ትዘገያለች። ለብ ባለ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አጥባችሁ ውስጡ እስኪደርቅ ጠብቁ፤ ማሽን ውስጥ አትክተቱት፣ ሙቀቱ ፕላስቲኩን ሊያጣምመው ይችላል።

ከዚህ ሌላ ካርዱን አይታችሁ እንደሆነ፣ ሥዕሉ ከላይ ወደ ታች የታየ ነው፤ ወፍ እንደምታየው። ካርዱ ከሰሌዳው ጋር በአንድ አቅጣጫ ካልተቀመጠ ግራና ቀኝ ይዞራል። ባለቤትሽ ፊት ለፊት ነው የሚቀመጠው ብለሻል፤ እሱ «ወደ ቀኝ» ሲል ለልጁ ግራ ነው። ከጥላችሁ ግማሹ ከዚህ የመጣ ቢሆን አይገርመኝም። ጎን ለጎን ይቀመጡ።

ስህተቱ የአሳብ ሲሆን ደግሞ ልጅሽ የሚያስፈልገው የት እንደሚያይ ማወቅ ነው። ሦስት ነገር ይበቃል። አንደኛው ፎቅ ነው። እያንዳንዷን ማማ እንደ ሕንፃ ያስባት፤ ታችኛው ክፍል ምድር ቤት፣ ቀጥሎ አንደኛ ፎቅ፣ ከዚያ ሁለተኛ። ብይ ደረጃ አትወጣም። ከአንደኛ ፎቅ የወጣች ብይ ጎረቤቷ በአንደኛ ፎቅ በር ካላት ትገባለች፤ በበሩ ፈንታ ግድግዳ ካለ ትመታዋለች። ሁለተኛው ከመጨረሻው መነሣት ነው። ከመነሻው ሲታሰብ መንገዱ ይበዛል፤ ከቀይዋ ማማ ሲታሰብ ያንሳል፣ ምክንያቱም ቀይዋ ያላት ጎረቤት ቢበዛ አራት ነው፣ ጥግ ላይ ከቆመች ሁለት። በየትኛው ጎኗ ነው ክፍት የሆነችው? ያ ቤት ባዶ ነው? ሦስተኛውን ትልልቅ ሰዎችም ይስቱታል፤ ወደ ቀኝ የምታጥፍ ማማ አራት ጊዜ ብትዞርም ወደ ግራ አታጥፍም። መዞር የምትቀበልበትን አቅጣጫ ይቀይራል እንጂ የምታጥፍበትን እጅ አይቀይርም። ልጆች ማማዋን ሲያዞሩ፣ ሲያዞሩ፣ ሲያዞሩ ደቂቃዎች የሚያልፉት ይህን ስለማያውቁ ነው። እያንዳንዷን ማማ ባዶ ጠረጴዛ ላይ አቁሞ ብይ ይልቀቅባትና «ቀኝ»፣ «ግራ»፣ «ቀጥታ» ብሎ ይለያት። ይህ ከየትኛውም ካርድ በፊት ቢሠራ የአንድ ምሽት ጨዋታ ነው፤ የሚያስለቅስም ነገር የለውም።

ሦስቱ አብረው ሲሠሩ እንድታዪ አንድ ትንሽ እንቆቅልሽ ላውጣ፤ ካርቶኑ ውስጥ አትፈልጊው፣ የለም። በሰሌዳው ጠርዝ ላይ ወረቀት ለጥፋችሁ ለቤቶቹ ስም ስጧቸው፤ ከግራ ወደ ቀኝ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፤ ከላይ ወደ ታች 1፣ 2፣ 3፣ 4። መነሻዋ ማማ ሀ1 ላይ ናት፤ ብይዋን ከአንደኛ ፎቅ ወደ ለ1 ትተፋለች። ቀይዋ ሐ2 ላይ ናት፣ ከየትም ቢመጣ ትቀበላለች እንበል። የሚጨመሩት ሁለት ናቸው። አንዷ በአንደኛ ፎቅ ተቀብላ ወደ ምድር ቤት ታወርድና ቀጥታ ታወጣለች። ሌላዋ በምድር ተቀብላ በምድር ወደ ቀኝ ታጥፋለች። ባዶው ቤት 14 ስለሆነ በሙከራ ከተሄደ 2,912 አማራጭ አለ።

ከቀይዋ እንነሣ። ጎረቤቶቿ ሐ1፣ ለ2፣ መ2 እና ሐ3 ናቸው፤ የመጨረሻዋ ማማ ከእነዚህ ባንዱ ላይ ትቆማለች። ወደ መነሻው እንምጣ። ብይዋ ለ1ን የምታገኘው በአንደኛ ፎቅ ነው፤ በአንደኛ ፎቅ የምትቀበለው አንዷ ብቻ ናት። ስለዚህ ለ1 የቀጥታዋ ቦታ ነው። እሷ ብይዋን ወደ ሐ1 ታስተላልፋለች፣ ሐ1 ደግሞ የቀይዋ ጎረቤት ነው። ወደ መ ፊቷን አዙራ የምትሄድ ብይ በቀኟ ምን አለ? ሐ2። ቀኝ አጣፊዋ ሐ1 ላይ ትቁም። 2,912ቱ ወደ አንድ ወረዱ፣ ብይዋ ገና ከእጅ ሳትወጣ። አጣፊዋ ግራ አጣፊ ብትሆን ኖሮ ብይዋ ከሰሌዳው ወጥታ ትወድቅ ነበር፤ የቱንም ያህል ብትዞር።

ይህን ለልጁ አትንገሪው። ማማዎቹን ቀላቅለሽ ስጪውና ጠይቂው፤ «ብይዋ ከስንተኛ ፎቅ ወጣች?»፣ «ቀይዋ ከየት ትቀበላለች?»፣ «ይህቺ ማማ የምታጥፈው ወደ የትኛው እጅ ነው?» ከእነዚህ ከሦስቱ ሌላ ጥያቄም ሆነ ፍንጭ አያስፈልገውም።

ባለቤትሽን በተመለከተ፣ እሱ ክፉ አስቦ አይመስለኝም። ልጁ ሲያለቅስ ማየት አይችልም፣ ስለዚህ ለቅሶውን በፍጥነት ሊያቆም ይነጥቃል። እውነቱን ለመናገር እንቆቅልሹ ራሱንም ይዞታል፤ ይህ ጨዋታ ትልቅ ሰው ይይዛል። «አትንካ» ብቻ ብትይው ዳር ቆሞ ይናደዳል። ይልቅ የራሱ ካርድ ይሰጠው፤ ከመጨረሻው ደረጃ፣ ከ46 በላይ ካሉት። ልጆቹ ከተኙ በኋላ እሱ በዚያ ይታገል። ከልጁ ጋር ሲቀመጥ ግን እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ በአፉ ብቻ፣ ሦስቱን ጥያቄዎች ይጠይቅ። ንግግሩን ስትከፍቺ ከልጁ ፊት አይሁን፣ «አንተ ሁልጊዜ» በሚልም አይጀመር። «ማታ ማታ አብራችሁት ስትቀመጡ ደስ ይለኛል፤ እሱ ግን አንተ ስትወስድበት ትቶ ይሄዳል፣ አይተኸዋል?» ብትዪው መልስ ይኖረዋል። አባት የራሱን ካርድ ሲሳሳት ልጁ ቢያየው ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል፤ «ሦስቴ ለቀቅኳት፣ ሦስቴም እዚህ ቀረች፤ እንግዲህ እዚህ ነው የተሳሳትኩት» የሚል አባት ቢያይ።

ስለ ውሸቱ። አንገበገበኝ ማለትሽ ይገባኛል። ግን እስቲ ነገሩን በእሱ ቦታ ሆነሽ እዪው፤ መልሱ በገዛ ካርዱ ጀርባ ላይ አለ፣ ማየት ይፍቀድ ይከልከል የተባለ ነገር የለም፣ ሲያይ ተያዘ፣ አፈረ። መልስ ማየት ነውር የሆነው መንገድ ስላልተበጀለት ነው። እኛ ዘንድ ግን የተበጀ መንገድ አለ። «እንቆቅልሽ?» «ምን አውቅልሽ?» ስንባባል ያልቻለ ሰው አያለቅስም፣ አይሰርቅምም፤ «አገር ስጠኝ» ይባላል፣ አገር ይሰጣል፣ ጠያቂው ጎንደርን ወይም ሐረርን ተቀብሎ ትንሽ ከተንጎራደደ በኋላ መልሱ ይነገራል። መሸነፍም የጨዋታው ክፍል ነው።

ይህንኑ ቤትሽ አስገቢው። ካርዶቹ የልጆቹ አያት፣ አማትሽ ዘንድ ይቀመጡ። ልጁ 20 ደቂቃ ታግሎ ካልሆነለት ሄዶ አገር ይስጣቸው። እሳቸው አገሩን ተቀብለው፣ ስለዚያ አገር የሚያውቁትን አንድ ነገር ነግረውት፣ የካርዱን ጀርባ በወረቀት ሸፍነው የአንዲት ማማ ቦታ ብቻ ይግለጡለት። ሌላዋን ራሱ ይፈልጋል። ሁለተኛ አገር ለሁለተኛ ማማ። በዚህ መንገድ የተፈታ ካርድ በማግስቱ ያለ ምንም እርዳታ እንደገና ይሠራል፤ ያኔ ነው የራሱ የሚሆነው። ባለፈው ለዋሸው ደግሞ ረዥም ምክር አይጠቅምም። «ያኔ ደንብ አልነበረንም፣ አሁን አለን» ይበቃዋል።

አማትሽ ሌላም ሥራ አላቸው። ብይዋን የሚለቁት እሳቸው ይሁኑ። ልጁ ማማዎቹን አቁሞ ሲጨርስ መንገዱን በአማርኛ ይናገርላቸው፤ «እዚህ ትገባለች፣ ወደ ምድር ቤት ትወርዳለች፣ በግራ ትታጠፋለች፣ ከዚያ ቀይዋ ውስጥ»። ተናግሮ ካልጨረሰ ብይ የለም። ምን እየተባለ እንዳለ ባይገባቸውም ግድ የለም፤ «እዚህ ጋ እንዴት ታጠፈች?» ብለው ከጠየቁ ይብስ ጥሩ ነው። መንገዱን ጮክ ብሎ የሚናገር ልጅ ብይዋ ሳትለቀቅ ስህተቱን ራሱ ይይዘዋል፣ ያን ጊዜ የሚጠራረግም የሚወረወርም አይኖርም። ቨርጂኒያ ላደገ ልጅ ቀኝ፣ ግራ፣ በስተጀርባ፣ ፊት ለፊት የሚሉት ቃላት ከእንዲህ ያለ ጨዋታ በተሻለ የትም አይገቡለትም። «ለቅሶ ገዛችሁ» ያሉት አያትም ሥራ ያገኛሉ።

ትንሹን አልረሳሁትም፤ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ካርቶኑ ላይ ከ8 ዓመት በላይ የሚለው ለእንቆቅልሹ ክብደት ነው፤ የብይዋ ነገር ግን ለብቻው መታየት አለበት። አሜሪካ ውስጥ ከ3 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ የሚሠራ መጫወቻ ከ44.4 ሚሊሜትር ያነሰ ኳስ እንዳይኖረው ሕጉ ይከለክላል፤ የእናንተ ብይ ከዚያ በብዙ ታንሳለች። በካርቶኑ ውስጥ ሦስት ብይ አለ። ክዳኑ በሚጠብቅ ብልቃጥ ይግቡና ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጡ፤ ለጨዋታ አንዷ ብቻ ትውጣ። ሰሌዳውን ጠርዝ ባለው ትልቅ ትሪ ውስጥ አስቀምጡት፤ የወደቀች ብይ ከምንጣፉ ሥር እንዳትገባ። ጨዋታው ሲያልቅ ሦስቱም ተቆጥረው ይገባሉ። አንዷ ከጠፋች ትንሹ ወለል ላይ ከመለቀቁ በፊት ትገኝ። ካልተገኘች ደግሞ ከሌላ መጫወቻ የመጣች ትንሽ የማግኔት ኳስ እንዳትተኩባት። ሁለት ማግኔት የዋጠ ልጅ አንጀቱ በመካከላቸው ይያዛል፤ ነገሩ ቀዶ ሕክምና ድረስ ይሄዳል። ምትክ የምትፈልጉ ከሆነ አምራቹን ጠይቁ። ጨዋታውን ያወጣው ቲንክፈን መቀመጫው እዚያው እናንተ አሌክሳንድሪያ የነበረ ድርጅት ነው፤ በ2017 የጀርመኑ ራቨንስበርገር ገዝቶታል።

የ6 ዓመቷ ልጅሽ ዳር ቆማ እንደምታይ እገምታለሁ፤ ስለ እሷ ምንም አልጻፍሽም። ለእሷ የሚሆነውን በነጻ መሥራት ይቻላል። ስድስት የሶፍት ማጠንጠኛ ቱቦ፣ አንድ ትልቅ የካርቶን ገጽ፣ ሲላጥ ቀለም የማያነሣ ፕላስተር፣ ከታች አንድ ኩባያ። ካርቶኑን ግድግዳ ላይ አስደግፉ፣ ቱቦዎቹን በቁመታቸው ለሁለት ቀድዳችሁ እንደ አሸንዳ ለጥፉ። የአንዱ ጫፍ ከቀጣዩ መነሻ በላይ ጥቂት ገባ ይበል። 10 ሴንቲሜትር ለሚሆን ቱቦ ከ1 እስከ 2 ሴንቲሜትር ቁልቁለት ይበቃዋል፤ ከዚያ ካለፈ ብይዋ ፈጥና መታጠፊያው ላይ ትዘላለች፣ ካነሰ ትቆማለች። እንቆቅልሽ የሚያደርገው ገደቡ ነው፤ «በአራት ቱቦ ብቻ፣ አንዴ ወደ ግራ ታጥፋ፣ ኩባያው ውስጥ ትግባ»። ለዚህ የመስታወቷ ተራ ብይ ትሆናለች። ስንት ቱቦ እንደሚበቃ ከመለጠፏ በፊት ትገምት።

ትልቁ ልጅሽም በዚህ ይገባበት። አንድ ቅዳሜ ካርድ ፈቺነቱን ትቶ ካርድ አውጪ ይሁን። በማማዎቹ የሚሠራ መንገድ ይሥራ፣ ብይዋ ሦስት ጊዜ መድረሷን ያረጋግጥ፣ ከዚያ ከላይ ሆኖ ወረቀት ላይ ይሣለው፤ በመጨረሻ ሁለት ማማ ነቅሎ ለአባቱ ይስጥ። አባት ሌላ መንገድ አግኝቶ ቢፈታው ልጁ ይቆጣ ይሆናል፤ ያን ጊዜ «ያንን መንገድ ለመዝጋት የትኛዋን ማማ የት ታቆማለህ?» በዪው። አባቱ ካልቻለ ደግሞ አገር ይስጥ።

ካርቶኑን ልደብቀው ወይ ላልሽው፣ አትደብቂው። የተደበቀ ነገር «አልቻልክም» የሚል ፍርድ ይሆንበታል። አትግፊውም። ጨዋታው 20 ደቂቃ ይሁን፤ ሳይፈታ ካለቀ ማማዎቹን ሳታፈርሱ ትሪውን እንዳለ ፍሪጅ ላይ አውጡት፣ ወይም በስልክ ፎቶ አንሡት። አንድ ወር በዚህ ደንብ ሄዶ አሁንም የሚጠላው ከሆነ ደግሞ ምናልባት ልጁ የሚወደው የእጁን ነገር ነው። የስዊድኑ ብሪዮ ከ1946 ጀምሮ የሚሠራው፣ በሁለት እጀታ ሰሌዳውን እያዘነበሉ ብይዋን ከቀዳዳዎቹ የሚያሳልፉበት የእንጨት ሣጥን አለ። እሱ ከማሰብ ይልቅ የእጅ ስክነት ይፈልጋል፤ ግራቪቲ ሜዝን ጠልቶ ያንን የሚወድ ልጅ አለ፣ የተገላቢጦሹም አለ።

ካርድ 19ን ለጊዜው ተዉት። መጪው ቅዳሜ ከ14 ጀምሩ፤ የሚያውቀውን በአዲሱ ደንብ ይሥራው፤ መንገዱን ተናግሮ፣ ሦስቴ ተለቅቆ። 16፣ 17 እና 18ንም ይድገማቸው፤ አንዷን በዕድል አግኝቷት ከነበረ አሁን ለምን እንደሆነች ያውቃል። ወደ 19 ስትመለሱ ጠረጴዛው መስተካከሉን እዩ፣ ካርዱ ከሰሌዳው ጋር ይገጥም፣ አባት በጎኑ ይቀመጥ፣ ብይዋን ለአያቱ ስጧቸው።